የኃላፊዬ የእጅ ሰዓት

ኃላፊዬን በዚህ ጉዳይ ምክንያት ጠላሁት ብል ውሸት ይሆናል። ቀድሞም አልወደውም ነበር። ሰበታ ያለው የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካችን ውስጥ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆኖ እንደመጣ ያወጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲገባም ሲወጣም እጁን ዘርግቶ ይፈተሽ የሚል ነው። እሱ ራሱ ግን የመኪናውን መስታወት እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ያልፋል። እኔ የፋብሪካውን ኮምፒውተሮችና ካሜራዎች የምጠግን ባለሙያ ነኝ፤ እሱ ዘንድ ግን «ሽቦ የምትቀጥለዋ» ነኝ። ጠዋት ሲያገኘኝ «ዛሬስ ምን አበላሸሽ?» ይለኛል። አብረን መሥራት ከጀመርን ወዲህ አንድ ቀን «እንዴት አደርሽ?» ብሎኝ አያውቅም።

እህቴ ወልዳ ላርሳት ሱሉልታ ሄጄ ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ የፋብሪካው በር ላይ የማላውቀው ወጣት ዘበኛ ተቀምጧል። ሁላችንም አባባ የምንላቸው የበር ጥበቃ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ቦዩ ዳር ቆመዋል። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው እሁድ እሁድ ለጸሎት የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ከደቡብ ለሥራ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ወደ ተፍኪ መውጫ ባለው አዳራሽ የሚያመልኩ ጴንጤ ናቸው። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ስለ ሃይማኖት ስንቀላለድ ነው የኖርነው።

«አባባ፣ ምነው ውጭ ቆሙ?»

«ሌባ ተባልኩ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው የሰው ድምፅ አልመስል አለኝ።

እኔ በሌለሁበት ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከመጋዘን ሁለት የማሽን ሞተር ተሰርቋል። ኃላፊው የበሩን ካሜራ ቪዲዮ ከፍቶ አየ። የጥበቃው ወንበር ባዶ ነው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጭነት የተሸፈነበት ባጃጅ መብራቱን አጥፍቶ ይወጣል። ከምስሉ በላይ ያለው ሰዓት 20:00 ይላል። ሃያ ሰዓት ማለት ምሽት ሁለት ሰዓት ነው፤ ምሽት ሁለት ሰዓት ደግሞ የአባባ ተራ ነው። እሳቸው ከአስራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ እስኪነጋ ሌላው ይረከባል። ሌላው የሚባለው የኃላፊው ሚስት ወንድም ነው። አባባ ጥለው እንደሄዱ የመሰከረውም እሱ ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይኸው ነው።

«ምሽት ሁለት ሰዓት እኮ የማታ ሰርቪሱ የሚወጣበት ነው» አሉኝ አባባ። «እኔ የእጅ ሰዓት የለኝም፤ ሰዓቴ ሰርቪሱ ነው። በሩን ከፍቼ ሠራተኛውን ሸኝቼ ዘጋሁ። ቪዲዮው ላይ ታዲያ ሰርቪሱ የታል ብዬ ጠየቅኩት። ቀድሞ ወጥቶ ነው፣ ዝም በል አለኝ።»

«ለፋብሪካው ባለቤት አመልክተዋል?»

«ሥራውን ተዪው ልጄ። ሥራ ሌላም ይገኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሩኝና፣ ነገሩ እስኪጣራ ከአገልግሎት አረፍ በል አሉኝ። እሁድ እሁድ ጸሎት የምመራው እኔ ነበርኩ። አሁን መጨረሻ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰዉ ጸሎቱን ትቶ እየዞረ ያየኛል።»

ከጉባኤያቸው ግማሹ እኛ ጋ ጫማ የሚያመርት ስለሆነ ወሬው አዳራሹ የደረሰው ከእሳቸው ቀድሞ ነው። በምሳ ሰዓት ያገኛቸው ሁሉ «አይዞዎት፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለ ያልፋል። ይህን ተረት የተረተው ቤቱ ሞቆት የሚያድር ሰው መሆን አለበት። ስሙ ለጠፋበት ሰው አንዷም ሌሊት ረጅም ናት። ወደ ውስጥ ገባሁ።

ኃላፊው ቢሮዬ ድረስ መጣ። «መጣሽ? አንቺ ያበላሸሽውን ሁሉ እኔ ሳስተካክል ነው የከረምኩት» አለኝ። የለመድኩት ጉራ ነው ብዬ አለፍኩት። «በይ አሁን ያንን ቪዲዮ በፍላሽ ገልብጪ። ለባለቤቱ የምሰጠው ነው፤ ሪፖርቱ ቀድሞ ገብቷል።»

«አባባ እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም» አልኩት።

«አንቺ ሽቦሽን ቀጥዪ» አለኝና ወጣ።

የካሜራው መቅጃ ሳጥን እንደ ልማዱ አልገለብጥም አለ። ስለዚህ ዲስኩን ከሆዱ አውጥቼ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁትና ዲባግኤፍኤስ የሚባለውን መሣሪያ ከፈትኩ። ሥዕል የለውም፣ በማውስ አይነካም። ጥቁር መስኮት ነው፤ ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ እሱም በጽሑፍ ይመልስልሃል። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ምግቡን በሳህን ያቀርባሉ፣ ይህኛው ድስቱን ይከፍታል። ዲስኩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፋይል መቼ እንደተፈጠረ፣ መቼ እንደተነካ፣ የት እንደተቀመጠ ምንም ሳያሳምር ይነግርሃል። ካላዘዝከው በቀር ማየት እንጂ መንካት አይችልም። እንዲነካ ከፈለግክ ስትከፍተው አንዲት ፊደል ትጨምራለህ፤ ያን ጊዜ የፋይሉን ቀን፣ ሰዓት፣ ያሻህን ትለውጣለህ። የሰው ዲስክ ስከፍት ያቺን ፊደል ጨምሬ አላውቅም። አንዴ ከነካሁት ምስክር መሆኑ ይቀራል።

በዲስክ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል እንደ መታወቂያ ቁጥር የሚሰጥ ቁጥር አለ፤ ኢኖድ እንለዋለን። በዚያ ሳጥን ላይ ቁጥሩ የሚሄደው በተቀዳበት ቅደም ተከተል ነው፣ ቀድሞ የተቀዳው ትንሹን ይይዛል። የማክሰኞውን ቪዲዮ ፍለጋ ዝርዝሩን ከሰኞ ጀምሬ ሳወርድ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሰኞ ጠዋት የተቀዳው አንዱ ፋይል 9:12 ላይ ያበቃል። ቀጣዩን ቁጥር የያዘው ፋይል የሚጀምረው 3:14 ላይ ነው።

በመጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። የሁለቱንም ዝርዝር ደግሜ ጠየቅኩት፤ ያንኑ መለሰልኝ። ቁጥሩ ወደ ፊት ቀጥሏል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ የሄደውም ስድስት ሰዓት ነው። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ስድስት ሰዓት ሲጎድልበት ማስረዳት አያስፈልገውም። ሳጥኑን የፈረንጅ ሰዓት አድርጌ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት እኔ ሱሉልታ ገንፎ እያገነፋሁ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ የእኛን ሰዓት ሞልቶበታል።

ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። ኃላፊያችን ወርቃማ ማሰሪያ ያለው የእጅ ሰዓት አለው፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። «እኔ ፈረንጅ አይደለሁም» ይላል ሰው ሲጠይቀው። የካሜራው ማያ ዘጠኝ ከሩብ ግድም ሲል፣ የእጁ ሰዓት ደግሞ ሦስት ከሩብ ግድም ሲል አይቶ፣ ይቺ ሴትዮ ሰዓት መሙላት እንኳ አትችልም ብሎ በሪሞት አስተካክሎታል። እኔ ሳስተካክል ነው የከረምኩት ያለው ይኸው ነበር። ማክሰኞ ስርቆት ተፈጸመ ሲባል ግን የገዛ እጁን ሥራ ረሳው። ሃያ የሚባል ቁጥር በእኛ ሰዓት ስለሌለ፣ ጭንቅላቱ ሮጦ ወደ ፈረንጁ ሄደ። የማያው ሃያ ግን የፈረንጅ ሃያ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሲመለስለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ አባባ ለተረኛው አስረክበው ቤታቸው ከተኙ ሁለት ሰዓት ሆኗቸዋል። ወንበሩ ባዶ የነበረው በሚስቱ ወንድም ተራ ነው።

የማታ ሰርቪሱ የሚወጣበትን እውነተኛ ሰዓት አስልቼ ያንን ቪዲዮ ከፈትኩት። ይኸው አባባ በአንድ እጃቸው በሩን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ሰርቪሱን እየሸኙ። ጨለማ ነው፣ የሰርቪሱ መብራት ፊታቸው ላይ ያርፋል። ከላይ ያለው ሰዓት 14:00 ይላል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ሰበታ በጠራራ ፀሐይ መጨለም የጀመረችው መቼ ነው? ብቻዬን ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ።

ላፕቶፑን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና አንድ በአንድ አሳየሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሆነው ስህተት ነው፤ ስህተት ለሁላችንም ነው። ተሳስቼ ነበር ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ይህን ሁሉ ዓመት ይዤ የምዞረው ቂም አይኖርም ነበር። እሱ ግን የሸሚዙን እጅጌ ስቦ ሰዓቱን ሸፈነ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ይህ ነገር ማየት ብቻ ነው የሚችለው?» አለኝ ጥቁሩን መስኮት እያየ።

«መለወጥም ይችላል። እኔ ግን ለማየት ነው የከፈትኩት።»

«እንግዲያው አስተካክዪው» አለኝ። «ሪፖርቱን ለባለቤቱ አስገብቻለሁ። ሰውዬው ተባሯል፣ ነገሩ አልቋል። የሁለት ፋይል ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ ከሪፖርቱ ጋር ይግጠም። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃለህ» አልኩት። እስከዚያን ቀን እርስዎ ነበር የምለው። አንቱታዬን እዚያው ቢሮው ወለል ላይ ጥዬው ወጣሁ፣ እስከ ዛሬም አላነሳሁትም።

«ኮንትራትሽ የሚታደሰው በእኔ ፊርማ ነው!» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቦርሳውን አንገቴ ላይ አጠለቅኩት።

የፋብሪካው ባለቤት የዚሁ የሰበታ ሰው ናቸው፤ ኦቦ እያልን ነው የምንጠራቸው። ኦሮምኛውንና አማርኛውን አደባልቀው ይናገራሉ፣ ሲናደዱ ግን ኦሮምኛው ይበዛል። በማግስቱ ጠዋት አባባን ከቦዩ ዳር ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ኃላፊው ቀድሞን ተቀምጧል። እኛን ሲያይ ፊቱ ጥላሸት መሰለ።

«አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ ኦቦ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ላፕቶፑን ጠረጴዛቸው ላይ ከፈትኩ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ሥዕል የለውም እንዴ?»

«ሥዕሉንም አሳይዎታለሁ ኦቦ። መጀመሪያ ግን እነዚህን ሁለት መስመሮች ይዩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። ቀጥዬ ጨለማ ውስጥ ሰርቪሱን የሚሸኙትን አባባን፣ ከላይ ያለውን 14:00ም አሳየኋቸው።

«ኦቦ፣ የእሷን ነገር አይስሙ» አለ ኃላፊው። «መሣሪያው የቻይና ነው፣ ሰዓቱን ራሱ ያዛባል። ደግሞ ይቺ ልጅ ሰውዬውን ትወዳለች።»

«እወዳቸዋለሁ» አልኩ። «አንተን ደግሞ አልወድህም። ዲስኩ ግን ማንንም አይወድም።»

ኦቦ ቀና አሉ። እኔን ሳይሆን ኃላፊውን ነው ያዩት። ከዚያ ከግድግዳቸው ሰዓት ላይ ዓይናቸውን አሳረፉ፤ ማሽን ያቀረበላቸው ድርጅት በስጦታ የሰጣቸው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ አስር ይላል።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉት።

«አራት ሰዓት፣ ኦቦ» አለ።

«በእጅህ ላይ አሳየኝ።»

አልተንቀሳቀሰም። ኦቦ ተነስተው መጡና እጁን ያዙት፣ እጅጌውን ራሳቸው ገፉት። ወርቃማው ሰዓት አራት ይላል። ግድግዳው ላይ አስር፣ እጁ ላይ አራት። ሁለቱን እያፈራረቁ ብዙ አዩ።

«ሰኞ ሳጥኑን የነካው ማነው?»

«እኔ ሱሉልታ ነበርኩ» አልኩ። ኦቦ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብለው የኃላፊውን እጅ ለቀቁት። የተናገሩት አልገባኝም፣ ምርቃት እንዳልነበረ ግን ገብቶኛል።

አባባን ሥራዎ ተመልሷል፣ ከነገ ይጀምሩ አሏቸው። የኃላፊው ሚስት ወንድም ሲጠራ ስልኩ ዝግ ነው፤ ቡራዩ ዘመድ ጋ ሄዷል ተባለ፣ እስካሁንም አልተመለሰም። ሞተሮቹም እንደዚሁ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ላፕቶፔን ልዘጋ ስል አባባ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ተናገሩ።

«ኦቦ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ግን በሩ ላይ አልመለስም።»

«ለምን?»

«ሌባ የተባልኩት እዚህ ብቻ አይደለም። ጉባኤዬ ፊት ነው። ሌባ ያለኝ ሰው እዚያው መጥቶ አላደረገም ይበል። እሱ ካላለ ሥራውም ይቅርብኝ።»

«እኔ ጴንጤ ቤት ገብቼ?» ብሎ ብድግ አለ ኃላፊው። «ሥራው ተመልሶለት የለ? ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል?»

«ስሙን» አሉት ኦቦ። «ትሄዳለህ። ካልሄድክ የእሱን ወንበር አንተ ትጠብቃለህ።»

እሁድ እኔም ሄድኩ። ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ባጃጅ ይዤ በተፍኪ መንገድ ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ። የሄድኩት ለአባባ ብዬ ነው ብል ግማሹን ነው የምናገረው። ሲዋረድ ማየት ፈልጌ ነበር። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። መዝሙሩ ሲያበቃ ኃላፊው ወደ ፊት ወጣ፤ ማይክራፎን ሲሰጡት አልፈልግም አለ።

«ባለፈው ስለ ስርቆት የተወራው ነገር...» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «የካሜራው መሣሪያ ተሳስቶ ነው። የሰዓት ስህተት ነው።»

ሊወርድ ሲል ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ። «መሣሪያው አልተሳሳተም!» አልኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባባ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆነው የሚታዩት እንዲህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንገቴ ድረስ ጋለ። ቢሆንም አልተቀመጥኩም። «ማን እንደተሳሳተ ተናገር!»

ኃላፊው ወለል ወለሉን አየ። «እኔ ነኝ» አለ። «ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አልሰረቁም።»

ሽማግሌዎቹ አባባን ከኋላ ጠርተው ወደ ፊት አመጧቸው። አባባ ኃላፊውን አቅፈው ሳሙት፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት፣ ሰዉ በእልልታና በሃሌ ሉያ አዳራሹን አናወጠው። ያን ቀን ጸሎቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። ለኃላፊውም ጸለዩለት። እኔ አሜን አላልኩም። እስከ ዛሬም አላልኩም። ስህተቱን ሳይሆን፣ አስተካክዪው ያለኝን ነው ይቅር ልለው ያቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት አባባ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ተራቸው ወደ ቀን ተዛውሮላቸዋል። እኔ ተፈትሼ ልገባ ስል የኃላፊው መኪና መጥቶ ክላክሱን ነፋ። አባባ በሩን አልከፈቱም። በዝግታ ሄደው መስታወቱን አንኳኩ። ብዙ ቆይቶ መስታወቱ ወረደ።

«እንደምን አደርክ። ስንት ሰዓት ሆነ?»

ኃላፊው የእጁን ሰዓት አየ። «ሁለት ከሩብ።»

«በየትኛው?»

ከኋላው ሠራተኛው ተሰልፏል፣ ሁሉም ጆሮ ሆኗል። «በእኛ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ተባረክ» ብለው በሩን ከፈቱለት።

ማክሰኞም ጠየቁት። ረቡዕም። አሁን በየቀኑ ነው፤ መስታወቱ ይወርዳል፣ ሰዓቱ ይነገራል፣ በየትኛው እንደሆነም ይነገራል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። አንድ ቀን እየሳቅኩ «አባባ፣ እሁድ ጉባኤው ፊት ይቅር ብለውት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ብዬዋለሁ እንጂ፤ ከልቤ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል የለም። ባዶ የእጅ አንጓቸውን አንስተው አሳዩኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? የእጅ ሰዓት የለኝም።»